የበይነ ገጽ መሥሪያን በአማርኛ ስለ ማዋቀርና ስለ ቃላቱ አመራረጥ

፩. መነሻ

ጎብዬ በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የአንድን ገበሬ የመሬት ይዞታ መዝገብ በኮምፒዩተር ከፍቶ ሲያርም፣ ሳያስበው አንድ ቁልፍ ነካና ትንሽ መስኮት ብቅ አለ እንበል። መስኮቱ «መዝገቡ ይሰረዝ?» ሲል ይጠይቃል። ከጥያቄው ሥር ሁለት ምርጫዎች ቀርበዋል፤ አንደኛው «እሺ»፣ ሁለተኛው «ሰርዝ» የሚሉ ናቸው። ሠራተኛው መዝገቡ እንዲጠፋ አይፈልግም። ታዲያ የትኛውን ይምረጥ?

የዚህን መስኮት ቃላት ከእንግሊዝኛ የመለሰው ሰው በሁለተኛው ምርጫ ሊል የፈለገው «የታሰበው ይቅር» ነው። አማርኛ አንባቢ ግን «መዝገቡን ሰርዝ» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም። ሁለቱም ፍቾች በ«ሰረዘ» ውስጥ አሉ፤ የተጻፈ መሥመር ይሰረዛል፤ የታሰበ ስብሰባም ይሰረዛል። እንግሊዝኛው ለሁለቱ አሳብ ሁለት ቃላት ሲኖሩት፣ በትርጕሙ ሁለቱ ወደ አንድ ቃል ወድቀዋል። ውጤቱም የቃላት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የአንድ ገበሬ መዝገብ ይኖራል ወይም ይጠፋል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን እንመለከታለን። በመጀመሪያ እንዲህ ያሉት የመስኮት ቃላት ከየት እንደሚመነጩ፣ በምን መንገድም ወደ ተጠቃሚው ዘንድ እንደሚደርሱ እናስረዳለን። ቀጥለን የቃላቱ አመራረጥ በምን ሥርዓት ቢመራ እንደሚሻል ሐሳብ እናቀርባለን።

፪. የበይነ ገጽ መሥሪያ ምንድን ነው?

«በይነ ገጽ» የሚለው ስያሜ ከግእዙ «በይነ»፣ ማለትም «በመካከል»፣ እና ከ«ገጽ» የተዋቀረ ነው። ሰውና ኮምፒዩተር ፊት ለፊት የሚገናኙበት ማለት ነው። መስኮት፣ አዝራር፣ ምናሌና የመጻፊያ ሳጥን በሥዕል የሚታዩበት ሲሆን «ምስላዊ በይነ ገጽ» እንለዋለን።

አንድ ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ እያንዳንዱን አዝራር ነጥብ በነጥብ እየሣለ አይጀምርም። አናጢ መጋዝና መዶሻውን ሲያነሣ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ እርሱም አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ የመስኮት፣ የአዝራርና የምናሌ ስብስብ ይወስዳል፤ እያገጣጠመም ፕሮግራሙን ይገነባል። ይህን ስብስብ «የበይነ ገጽ መሥሪያ» ብንለው ተግባሩን በቀጥታ ይገልጻል። «ጓዝ» ወይም «የዕቃ ሣጥን» የሚሉት አማራጮች የነገሩን መሰብሰብ እንጂ ሥራውን አያመለክቱም።

ከእነዚህ መሥሪያዎች በስፋት የታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው «ጂቲኬ» ነው። ይህ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ ለሠሩት «ጊምፕ» ለተባለ የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም ተብሎ የተዘጋጀ ነበር፤ ስሙም የዚያ ፕሮግራም መሥሪያ ማለት ነው። ኋላ ግን ከአንድ ፕሮግራም አልፎ የብዙዎች መሠረት ሆነ። ሁለተኛው «ኪውት» ሲሆን፣ በኖርዌይ ሃቫርድ ኑርድና አይሪክ ሻምቤ-ኤንግ ሠርተው በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረቡት ነው።

ሁለቱም «ተሻጋሪ» ናቸው። አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በሊኑክስም፣ በዊንዶውስም፣ በማክም ላይ እንዲሠራ ያስችላሉ። በሰዋስው ትምህርት «ተሻጋሪ ግሥ» የሚል ስያሜ እንዳለን የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቃል በሁለት የተራራቁ ሙያዎች ቢያገለግል ጉዳት የለውም። ጉዳቱ አንድ ቃል በአንድ ሙያ ውስጥ፣ እንዲያውም በአንድ መስኮት ላይ፣ ሁለት ሥራ ሲሰጠው ነው።

፫. ቃሉ ከየት ይመነጫል?

«ክፈት»፣ «አስቀምጥ»፣ «እሺ» የሚሉትን የመሳሰሉ በየፕሮግራሙ የሚደጋገሙ ቃላት ብዙውን ጊዜ የፕሮግራሙ የራሱ ንብረት አይደሉም። መሥሪያው የራሱ የሆነ የቃላት መዝገብ አለው። በመዝገቡ በአንድ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሌላው በኩል የአማርኛው ትርጕም ተቀምጧል። ፕሮግራሙ ፋይል መክፈቻ መስኮት ሲያስፈልገው ከመሥሪያው ይዋሳል፤ ቃላቱም አብረው ይመጣሉ። ለጂቲኬ እንዲህ ያለ የአማርኛ መዝገብ ተዘጋጅቷል።

ትርጕም ያልተገኘለት ቃል ሲያጋጥም መሥሪያው አያቆምም፤ እንግሊዝኛውን እንዳለ ያወጣዋል። በአንድ መስኮት ላይ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ የምናየው ለዚህ ነው። የመሥሪያው መዝገብ ተተርጕሞ የፕሮግራሙ መዝገብ ሳይተረጐም ቀርቷል፤ ወይም ነገሩ በተቃራኒው ሆኗል። በኪውት ዘንድ ደግሞ የመሥሪያው የትርጕም መዝገብ ቢኖርም እንኳ ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ መዝገቡ እንዲነበብ በትእዛዝ ካልጠራው ሥራ ላይ ላይውል ይችላል።

የነገሩን አካሄድ ለማስረዳት ከራያ ቆቦ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በዚህ ቆላ ገበሬው ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ዋናው የመጥለፊያ ቦይ «እናት መሌ» ይባላል። ከእርሱ መካከለኛዎቹና ትንንሾቹ መሌዎች እየተገነጠሉ ውሃውን ለየማሳው ያደርሳሉ። እናት መሌው የተበላሸ እንደ ሆነ ከታች ያለው ገበሬ የቱንም ያህል ቢደክም ማሳው አይጠጣም። የበይነ ገጽ መሥሪያም ለፕሮግራሞች እናት መሌ ነው። በእርሱ መዝገብ ላይ አንድ ጊዜ የገባ ቃል፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በእርሱ ወደ ተሠሩት ፕሮግራሞች ሁሉ ይፈስሳል። ስለዚህ የቃላት ባለሙያ ድካሙን በመጀመሪያ ሊያውል የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

፬. መሥሪያውን ስለ ማዋቀር

ቃሉ በመዝገቡ ቢኖርም በጎብዬው ሠራተኛ መስኮት ላይ እስኪታይና እርሱም መልሶ በአማርኛ እስኪጽፍ ድረስ ጥቂት ነገሮች መስተካከል አለባቸው። ይህን ሥራ «ማዋቀር»፣ ውጤቱን «ውቅር»፣ እያንዳንዱን የሚለወጥ ምርጫ «ቅንብር» እንለዋለን። በሊኑክስ ላይ ያለውን አካሄድ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን።

ሀ) የአገርና የቋንቋ ቅንብር። ሥርዓተ ክወናው «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ፣ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ቅንብር ማወቅ አለበት። ቅንብሩ በኮምፒዩተሩ ላይ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ ምርጫው ቢጻፍም መሥሪያው ስለማያገኘው ወደ ነባሪው ይመለሳል፤ መስኮቱም በእንግሊዝኛ ይከፈታል። ዩቲኤፍ-8 የፊደላት ቁጥሮች በፋይል ውስጥ የሚጻፉበት ስልት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3ኛ እትም ሲሆን፣ ያን ጊዜ 345 ምልክቶች ተመዝግበዋል። በሠንጠረዡ «ሀ» ቁጥሯ 4608፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624 ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስፍራ ተሰጥቷል ማለት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል።

ለ) የፊደል ቅርጽ። ቁጥሩ ቢኖርም ቁጥሩን ወደሚታይ ፊደል የሚለውጥ የፊደል ቅርጽ ከሌለ በፊደሉ ምትክ ባዶ ሣጥን ይታያል። በዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ «ኒያላ» የተባለ የፊደል ቅርጽ ተካትቶ ነበር። በሊኑክስ ላይ «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ» የተባሉት ያገለግላሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው 2ኛው የጂቲኬ እትም በዩኒኮድ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ቅርጹ እስካለ ድረስ ፊደላችንን ያለ ልዩ ብልሃት ያወጣል።

ሐ) የፊደል ማስገቢያ ዘዴ። የአማርኛ ፊደል ከቁልፍ ሰሌዳው ቁልፎች ይበዛል። ስለዚህ በድምፅ ላይ በተመሠረቱት ዘዴዎች ተነባቢውን በአንድ ቁልፍ፣ አናባቢውን በሌላ ቁልፍ አከታትለን እንጽፋለን። ሁለቱን ቁልፎች አጣምሮ አንድ ፊደል የሚያወጣው የማስገቢያ ዘዴው ነው። በ2ኛውና በ3ኛው የጂቲኬ እትም የአማርኛ ማስገቢያ ከመሥሪያው ጋር አብሮ ይገኝ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 4ኛ እትም ግን ይህ ተግባር በአብዛኛው ለሥርዓተ ክወናው አገልግሎት ተትቷል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጂቲኬና ኪውት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የማስገቢያ ቅንብር አላቸው። በአንዱ መስኮት አማርኛ እየተጻፈ በሌላው የማይጻፈው፣ አንዱ መሥሪያ ተዋቅሮ ሌላው ስላልተዋቀረ ሊሆን ይችላል። መፍትሔውም እንደ «አይባስ» ያለውን ሁለቱን የሚያገለግል መካከለኛ አገልግሎት መርጦ፣ ሁለቱም መሥሪያዎች ወደ እርሱ እንዲያመለክቱ ማድረግ ነው።

መ) የቅንብሩ አወራረስ። እነዚህ ቅንብሮች ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት «የከባቢ ተለዋዋጭ» በሚባሉ ስሞች ነው። አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲከፍት የከባቢውን ቅጂ ያወርሰዋል፤ ከፋቹ «እናት»፣ ተከፋቹ «ልጅ» ይባላሉ። ውርሱ የሚሰጠው ልጁ በሚከፈትበት ቅጽበት ብቻ ነው። ቅንብሩ ከተለወጠ በኋላ የተከፈተ ፕሮግራም አዲሱን ያገኛል፤ አስቀድሞ የተከፈተው ግን በአሮጌው ይቀጥላል። ብዙ ሰው ቅንብሩን ለውጦ ውጤት ሲያጣ ያላግባብ ተስፋ የሚቆርጠው ይህን ባለማወቅ ነው። ከመለያው ወጥቶ እንደገና ቢገባ ለውጡ ከእናት ወደ ልጅ ይደርሳል።

ሠ) የመስኮቱ ስፋት። የአማርኛ ፊደል ከላቲኑ ይሰፋል። ባለሙያው የአዝራሩን ስፋት በቁጥር ወስኖ ከሆነ፣ ለእንግሊዝኛው የበቃው አዝራር አማርኛውን ከጫፉ ይቆርጠዋል። በሁለቱም መሥሪያዎች ግን አዝራሮቹን በሣጥን ውስጥ ደርድሮ ስፋታቸውን መሥሪያው ራሱ እንዲያሰላ መተው ይቻላል። ይህ ሥራ የፕሮግራም ጸሐፊው እንጂ የተርጓሚው አይደለም፤ ተርጓሚው ቃሉን አሳጥሮ እንዲያጎድለው ሊገደድ አይገባም።

፭. ሦስት አስቸጋሪ የስያሜ ጉዳዮች

አንደኛ፣ ሰርዝ። በመነሻው እንዳየነው «ሰርዝ» ሁለት ሥራ አይችልም። ለመተካት «አጥፋ» ቢባል ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ መብራትም ኮምፒዩተርም ይጠፋልና። ስለዚህ ሦስቱን አሳቦች ለሦስት ቃላት ማከፋፈል ይገባል፦ የተጻፈን ማስወገድ «ሰርዝ»፣ የታሰበን መተው «ይቅር»፣ መሣሪያን ማቆም «አጥፋ»። «ይቅር» በዕለት ንግግራችን የታሰበ ነገር ሲተው የምንለው ቃል ስለ ሆነ ማብራሪያ አይሻም። ከዚህም በላይ በጥያቄው መስኮት «እሺ» ከማለት ይልቅ ድርጊቱን ራሱን መጻፍ ይመረጣል። «መዝገቡ ይሰረዝ?» ለሚለው ጥያቄ «ሰርዝ» እና «ይቅር» የሚሉ ምርጫዎች ቢቀርቡ ማንም አይሳሳትም።

ሁለተኛ፣ ይጫኑ። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ይጫኑ» በሚለው ጽሕፈት «ጫ» ሲላላ ቃሉ ከ«ጫነ» የመጣ ነው፤ በአህያ ላይ እንደሚጫነው እህል ያለውን ጭነት ያመለክታል። ሲጠብቅ ግን ከ«ተጫነ» የመጣ ሆኖ ቁልፍን በጣት መጫንን ያመለክታል። «መጫን» የሚለው ስምም እንዲሁ ነው። በንግግር የሚለያዩት በጽሑፍ አንድ ይሆናሉ። በኮምፒዩተር ሙያ ደግሞ «ጫነ» ራሱ ሁለት ሸክም ተሸክሟል፤ ፕሮግራምን በኮምፒዩተር ላይ በቋሚነት ማስገባትም፣ ፋይልን ለጊዜው ወደ ማስታወሻው ማምጣትም «መጫን» ሲባሉ ይሰማል። ስለዚህ «ፕሮግራሙን ለመጫን ይጫኑ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲጻፍ አንባቢው በግምት ያልፋል።

መፍትሔው በቋንቋው ውስጥ አለ። በአንድ ስፍራ ጸንቶ እንዲኖር የሚደረግ ነገር «ይተከላል»፤ ድንኳን፣ ምሰሶና ቡና ይተከላሉ። ተቃራኒውም «መንቀል» ነው። ለጊዜው የሚመጣው ግን «ይጫናል»፣ በኋላም «ይራገፋል»። እንዲህ ስንል «መትከልና መንቀል»፣ «መጫንና ማራገፍ» የሚሉ ሁለት ጥንዶች እናገኛለን፤ ጥንድነታቸውም ለትውስታ ይረዳል። ለጣት ሥራ በቁልፍ ሰሌዳ «መንካት»፣ በመዳፊት (ማውስ) አስቀድሞ የተለመደው «ጠቅ ማድረግ» ይበቃሉ።

ሦስተኛ፣ ክፈት ወይስ ይክፈቱ? የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ጾታም ማዕርግም የለውም። አማርኛ ግን «ክፈት»፣ «ክፈቺ»፣ «ይክፈቱ» ከሚሉት አንዱን እንድንመርጥ ያስገድደናል። ተርጓሚዎች በአንድ መስኮት ላይ ሲቀላቅሉት ይታያል። ለመወሰን የሚረዳው ጥያቄ «ተናጋሪው ማን ነው?» የሚለው ነው። በአዝራር ላይ የተጻፈው ቃል የተጠቃሚው ንግግር ነው፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ማሽኑን ያዝዛሉ። ማሽን «አንተ» ቢባል አይከፋውምና «ክፈት»፣ «አስቀምጥ»፣ «አትም» ማለት ትክክል ነው። በመስኮቱ ላይ የሚወጣው መልእክት ግን የማሽኑ ንግግር ለሰው ነው። በአገራችን ልማድ የማያውቁትን ሰው፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፋውን፣ «አንተ» ብሎ ማዘዝ ነውር ነው። ሴት ሠራተኛንም «ምረጥ» ማለት በጾታ መሳሳት ነው። ስለዚህ መልእክት ሁሉ በአክብሮት ይሁን፦ «ፋይል ይምረጡ»፣ «ስምዎን ያስገቡ»። የአክብሮቱ አነጋገር ጾታን ስለማይለይ ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታል። ይህ መመሪያ ከተያዘ ተርጓሚው በየቃሉ መወላወል አያስፈልገውም።

፮. ለአጠቃቀም የቀረቡ ቃላት

በይነ ገጽ (ስም)፦ ተጠቃሚና ኮምፒዩተር የሚገናኙበት የሚታይ ክፍል።
የበይነ ገጽ መሥሪያ (ስም)፦ ምስላዊ በይነ ገጽ የሚገነባበት አስቀድሞ የተዘጋጀ የክፍሎች ስብስብ።
ተሻጋሪ (ቅጽል)፦ ከአንድ በላይ በሆነ ሥርዓተ ክወና ላይ የሚሠራ።
አባል (ስም)፦ ከበይነ ገጹ ክፍሎች አንዱ፤ አዝራር፣ ምናሌ፣ የመጻፊያ ሳጥን።
እናት አባል፣ ልጅ አባል፦ በውስጧ ሌላውን የያዘች፣ በሌላዋ ውስጥ ያለች።
አዝራር (ስም)፦ በመስኮት ላይ የሚታይ፣ ጠቅ ሲደረግ ትእዛዝ የሚፈጽም ምስል። «ቁልፍ» የሚለው ለቁልፍ ሰሌዳው ብቻ ይቀመጥ።
ምናሌ (ስም)፦ የምርጫዎች ዝርዝር። «ምን አለ» ከሚለው የተገኘና በሚገባ የተለመደ ስያሜ ነው።
ማዋቀር (ግሥ)፣ ውቅር (ስም)፦ ቅንብሮችን ለአንድ ዓላማ ማስተካከል፤ የተስተካከለው ሁኔታ።
ነባሪ (ቅጽል)፦ ተጠቃሚው ሳይመርጥ የሚሠራ።
መትከል፣ መንቀል (ግሥ)፦ ፕሮግራምን በቋሚነት ማስገባት፣ ማውጣት።
መጫን፣ ማራገፍ (ግሥ)፦ ወደ ማስታወሻው ለጊዜው ማምጣት፣ መልቀቅ።
መሰረዝ፣ መተው፣ ማጥፋት (ግሥ)፦ የተጻፈን ማስወገድ፤ የታሰበን ማስቀረት (በአዝራር ላይ «ይቅር»)፤ መሣሪያን ማቆም።

፯. ማጠቃለያ

የሙያ ቃላት ሥራ እንደ ልማድ የሚጀምረው የባዕዱን ቃል ዝርዝር ይዞ ለእያንዳንዱ አቻ በመፈለግ ነው። በበይነ ገጽ ጉዳይ ግን ይህ አይበቃም። ቃላቱ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ ሳይሆኑ በአንድ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰው እንዲመርጥ የሚያስገድዱ ናቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ መልካም የሆነ ትርጕም ከጎረቤቱ ጋር ሲቀመጥ አሳሳች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም የቀረበ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በመሥሪያው መዝገብ ላይ ገብቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ እንግሊዝኛውን በማያውቅ አንባቢ ፊት ይፈተን። አንባቢው የትኛው አዝራር መዝገቡን እንደሚያጠፋና የትኛው እንደሚተወው ሳያመነታ ከለየ፣ ቃሉ ሥራውን ፈጽሟል።